የልጅ ልጄ መኪና እና የትኩሳት ቻርቷ

ልጄ ከሜሪላንድ ስትደውልልኝ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሥራዋ ብዛትና ስለ ኑሮው ነው የምናወራው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የደወለችው ግን እያለቀሰች ነበር። የ19 ዓመት ልጇን ፖሊስ በሌሊት አስቁሞታል። በሕዝብ መንገድ ላይ ከጓደኛው ጋር በመኪና ሲሽቀዳደም ነው የተያዘው። ማንም አልተጎዳም፤ ልጁ ፍርድ ቤት ቀርቦ መቀጮ ከፈለና ጉዳዩ በዚያው አለፈ። በእናቱ ልብ ውስጥ ግን አላለፈም። እሷ "መኪናዋ ትሸጥ" ትላለች፤ አባቱ ደግሞ "ለዚህ ተብሎ የተሠራ ቦታ አለ፣ እዚያ ይሂድ" ይላል። በመጨረሻ "እማዬ፣ ሐምሌ ላይ ስትመጪ አንቺ ፍረጂን" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እኔ ደግሞ ለዚህ ፍርድ ገለልተኛ ዳኛ አልነበርኩም። በነርስነት ካገለገልኩባቸው ዓመታት ብዙዎቹን ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ነው። ቅዳሜ ሌሊቱን አልፎ እሑድ ሊነጋ ሲል በቃሬዛ የሚገቡትን ወጣቶች አውቃቸዋለሁ። ከእነሱ ይልቅ ከዓይኔ የማይጠፉት ግን ከኋላ የሚደርሱት እናቶች ናቸው። አንዷ ሁለት የተለያየ ጫማ አድርጋ መጥታ ነበር፤ አላወቀችውም። ልጇ እሷ ሳትደርስ አርፏል። የነገርኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ሜሪላንድ ስደርስ ሐሳቤ ቁርጥ ነበር፤ መኪናዋ ትሸጣለች።

ልጁ አልተከራከረኝም። "እማማ፣ መጀመሪያ አንድ ቀን አብረሽኝ ነይና እይ። ከዚያ በኋላ 'ሽጣት' ካልሽኝ እኔ ራሴ እሸጣታለሁ" አለኝ። በሽተኛውን ሳላይ ስለ በሽታው መናገር ልማዴ አይደለምና እሺ አልኩት።

መኪናዋ የ1972 ሞዴል ሼቭሮሌት ኖቫ ናት፤ በዕድሜ እናቱን ትበልጣለች። ስምንት ሲሊንደር ያለው 5.7 ሊትር ሞተር፣ ኦቶማቲክ ማርሽ፣ እንደ ድሮዎቹ መኪኖቻችን ካርቡራቶር። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የላትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ምግብ ለየቤቱ እያደረሰ ባጠራቀማት ገንዘብ ነው የገዛት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን ወደ ደቡብ ከአንድ ሰዓት በላይ ከነዳን በኋላ ሜካኒክስቪል አጠገብ ወዳለው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ደረስን።

ድራግ ሬስ የሚባለው ሽቅድምድም ኩርባ የለውም። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ መብራት ይበራል፣ የማይል ሩብ ማለትም 402 ሜትር ቀጥ ብለው ይበራሉ፣ አለቀ። መስመሩን ግራና ቀኝ የኮንክሪት ግድግዳ ይዞታል። የእኔ ዓይን መጀመሪያ የሄደው ወደ አምቡላንሱ ነው። ባለሙያዎቹ ተቀምጠው ሳይሆን ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ መስመሩ አድርገው አገኘኋቸው፤ ይህ ትንሽ አረጋጋኝ። ከ14 ሰከንድ በታች የሚገባ ሁሉ የራስ መከላከያ ቆብ ግዴታው ነው። መኪኖቹም ከመግባታቸው በፊት አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ይመለሳል።

እዚያ እስክደርስ ድረስ የሚያሸንፈው ከሁሉ የፈጠነው ይመስለኝ ነበር። እናንተም እንደዚያ ሳይመስላችሁ አይቀርም። የእኛ ልጅ የሚወዳደርበት ዓይነት ግን ብራኬት ይባላል፤ ሕጉ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሾፌር ከመወዳደሩ በፊት "መኪናዬ በዚህን ያህል ሰከንድ ትገባለች" ብሎ ቁጥሩን በነጭ ቀለም መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ዳያል ኢን ይሉታል። የእኛ ልጅ 13.40 ቢጽፍና ባላጋራው 11.90 ቢጽፍ፣ ለእኛ ልጅ አረንጓዴው መብራት አንድ ሰከንድ ተኩል ቀድሞ ይበራለታል። ሁለቱም የተናገሩትን ቁጥር በትክክል ቢያመጡ እኩል ይደርሳሉ ማለት ነው። ታዲያ ዋናው ነገር ከዚህ ይጀምራል፤ ከጻፈው ቁጥር በላይ የፈጠነ ይሸነፋል። 13.40 ብሎ በ13.38 የገባ፣ ባላጋራው ከእሱ የባሰ ካላጠፋ በቀር፣ ቀድሞ ቢደርስም ወደ ቤቱ ነው።

ይህን ሲያስረዳኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ሲገባኝ ግን ሳቅሁ። ስለ ራስህ እውነቱን ተናገር፣ ከዚያ የተናገርከውን ሁን የሚል ጨዋታ ነው። መንገድ ላይ የሚሽቀዳደም ጎረምሳ ይህን ሁለቱንም አያውቅም።

በነገራችን ላይ እዚያ ሕፃናትም ሲወዳደሩ አየሁ። ከ5 ዓመት እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ተብሎ በ1992 በአውሮፓ አቆጣጠር የተጀመረ የጁኒየር ሊግ አላቸው፤ መኪኖቹ የትልልቆቹ ግማሽ ያህላሉ፣ ርቀቱም ቢበዛ 201 ሜትር ነው። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ በወላጆቿ ስትታሰር አየሁና አምቡላንሱን ዳግመኛ በዓይኔ ፈለግሁት። እውነቱን ለመናገር እሱን ነገር እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

የልጅ ልጄ በዚያ ቀን ለልምምድ አራት ጊዜ ነዳ። 13.42 አመጣ፣ ከዚያ 13.66፣ ከዚያ 13.44፣ ከዚያ 13.71። እንዲህ ያለ መኪና ይዞ ምን ቁጥር ይጻፍ? በየመሀሉ ኮፈኑን እየከፈተ አንዴ ካርቡራቶሩን፣ አንዴ እሳቱን፣ አንዴ ጎማውን ይነካካል። ላቡ ይንጠፈጠፋል። "ቅድም ምን ነበር የቀየርከው?" አልኩት። አላስታወሰም። "የጻፍክበት አለ?" አልኩት። ስልኩን አወጣና ጊዜዎቹን ብቻ አሳየኝ።

እዚህ ላይ የቆየ ሙያዬ ተነሣብኝ። ተረኛ ነርስ ለቀጣይዋ ተረኛ "በሽተኛው ሌሊቱን ደህና አልነበረም፣ አንዳንድ መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ" ብላ ብትሄድ ምን ይባላል? በነጋታው ደብተር ገዛሁ፤ እንደ ዋርድ የትኩሳት ቻርት በማስመሪያ አሰመርኩት። የአየሩ ሙቀት፣ የአየሩ ግፊት፣ ርጥበት፣ የሞተሩ ውሃ ሙቀት ከመነሣቱ በፊት፣ የኋላ ጎማ ነፋስ፣ የቤንዚኑ መጠን፣ ከቆመ ስንት ደቂቃ ሆነ፣ የተቀየረ ነገር ካለ ምን። በስተቀኝ ደግሞ ውጤቱ። አንድ ሕግም አወጣሁ፤ በአንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከተቀየረም በኋላ ሦስት ጊዜ ሳይነዳ ፍርድ የለም።

ውጤቱን የሚያገኙት ከሩጫው በኋላ ከመስኮት በሚሰጣቸው ወረቀት ነው። ይህቺን ወረቀት ሳያት ልክ የላቦራቶሪ ውጤት ሆና ታየችኝ። ጠቅላላውን ጊዜ ብቻ አትናገርም፤ የመጀመሪያውን 18 ሜትር በስንት ሰከንድ እንደጨረሰ፣ መሀል ላይ ስንት እንደነበር፣ መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ ስንት እንደደረሰ ለየብቻ ትዘረዝራለች። በሽታው የት እንዳለ የሚለየው በዚህ ነው። የመጀመሪያው 18 ሜትር ከተበላሸ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከጎማው ወይም ከአነሣሡ ነው፤ ጎማው ተንሸራቷል፣ ወይም እግሩ ቤንዚን መስጫው ላይ እኩል አላረፈም። የመጀመሪያው 18 ሜትር እንደወትሮው ሆኖ መጨረሻው ከዘገየ ግን ሞተሩን፣ አየሩንና ነዳጁን መጠየቅ ነው። የእኛዎቹን አራት ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የአራቱም መነሻ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ሲነካካቸው የዋለው ጎማዎች ምንም አልበደሉም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ወንበሬንም ጥላዬንም ይዤ ነበር። ስድስት ጊዜ ነዳ፤ ምንም ነገር እንዳይቀይር ከለከልኩት። ማታ ቤት ገብተን ሰንጠረዡን ስናየው ነገሩ ራሱ ተናገረ። ጥሩ የነዳባቸው ሁሉ የሞተሩ ውሃ 70 ዲግሪ አካባቢ እያለ የተነሣባቸው ናቸው። የከፋው ጊዜ ሁሉ ተራ ሲጠብቅ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ሩብ ሰዓት የቆመበት ነው፤ ያኔ ሙቀቱ 95 ደርሷል። ካርቡራቶሩ በሞተሩ አናት ላይ ነው የተቀመጠው። ከሥር ሲጋገር ውስጡ ያለው ቤንዚን መፍላት ይጀምራል፣ ከኮፈኑ ሥር የሚስበው አየርም ትኩስና ስስ ይሆናል። ልጁ ግንባሩን ያዘ። "ትኩሳት ነው እንዴ ያላት?" አለኝ። ትኩሳት ነው አልኩት።

መድኃኒቱ ገንዘብ አላስወጣም። ተራ ሲጠብቅ ሞተሩን ያጠፋል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ መኪናዋን በእጁ ይገፋታል። በባትሪ የሚሠራው ማራገቢያና የውሃ ፓምፕ ሞተሩ ጠፍቶም ይሠራሉ። ከፊቱ ሁለት መኪና ሲቀር ያስነሣታል፤ ውሃው 70 ዲግሪ ሲደርስ ወደ መስመሩ ይገባል። ዙሪያውን ስመለከት ለካ ብዙዎቹ አዛውንት ሾፌሮች መኪናቸውን የሚገፉት ለዚሁ ኖሯል። እኔ ደግሞ ባትሪ ደክሞባቸው መስሎኝ ሳዝንላቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ማስተካከሉ ሥራ ገባን። ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ ለሙሉ መቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። እግር ሙሉ ለሙሉ ሲረገጥ ግን ሞተር ከፍተኛ ጉልበት የሚሰጠው አየሩ ወደ 12.5 ወይም 13 ሲወርድ ነው፤ ማለትም ቤንዚኑ ትንሽ በዝቶ። ቤንዚኑ ካነሰ ሞተሩ ይግላል፣ ሲብስም ፒስቶን ይቀልጣል። ከበዛ ደግሞ ያንቀዋል። ይህን የምትወስነው ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለች፣ መሀሏ የተበሳ ትንሽ የናስ ብሎን ናት፤ የቀዳዳዋ ስፋት ጥቂት ብቻ ሲለወጥ የሞተሩ ጠባይ ይለወጣል። ልኩ መሆን አለመሆኑን የሚናገረው ካንዴላው ነው። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ነጭ ሆኖ የተለበለበ ከመሰለ አንሶታል፤ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። እኛስ ደም ማነሱን ለማየት መጀመሪያ የበሽተኛውን የዓይን ቆብ ገልጠን አይደል የምናየው?

ሁለተኛው ነገር እሳቱ የሚነሣበት ቅጽበት ነው። ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀድሞ ነው፤ ቀድሞነቱም በዲግሪ ይለካል። ልጁ 36 ዲግሪ አድርጎት ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ቀዝቃዛ ማታ በዚያ 13.35 አምጥቶበታል። ያቺን አንዲት ቁጥር እንደ ታቦት ነበር የሚያያት። ደብተሩ ግን ሌላ ይላል። በ36 ዲግሪ፣ ቀን በሙቀት ሞተሩ ይንኳኳል፤ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ጊዜው ወደ 13.50 ይወርዳል። ወደ 34 አወረደው። በጣም ፈጣኗን ሩጫ አጣት፣ ግን ቀንም ማታም 13.42፣ 13.44፣ 13.43፣ 13.42 እያመጣ ሄደ። ይህን ለመቀበል አንድ ሳምንት ፈጀበት። ዕድሜው 19 ነው፤ "ፍጥነቴን ቀንሼ ነው የማሸንፈው?" ማለት ለእሱ ቀላል አይደለም። እኔ ዝም አልኩ፤ ቁጥሮቹ ይናገሩ ብዬ።

የቀረውን ነገር ሁሉ እኩል ማድረግ ደግሞ የልማድ ጉዳይ ነው። የጎማ ነፋስ በየሩጫው ይለካል። ጎማውን ለማሞቅ ከመስመሩ ኋላ የሚያሽከረክረው በቁጥር ነው፤ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ብሎ ያቆማል። ቤንዚኑ ሁሌም ያው መጠን። 45 ኪሎ ክብደት ሲጨመር በዚያ ርቀት አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል እንደሚያዘገይ በልምድ ይሰላል፤ ይህን ሲነግረኝ ድፎ ዳቦዬንና ዶሮ ወጤን እንዳላበዛ እየጠቆመኝ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ።

በእጅ የማይያዘው አየሩ ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፣ ርጥበት ሲበዛም በውስጡ ያለው ኦክስጅን ቦታ ያጣል፤ ሞተሩ ይደክማል። ለእኛ ለደገኞቹ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ጠረፉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በወጣትነቴ ለክትባት ዘመቻ ወደ ወሎ ስንወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጣርማ በር ላይ ላንድሮቨራችን ጥቁር ጭስ እየተፋች ታቃስት ነበር። ሾፌራችን "ትንፋሽ አጠራት" ይል ነበር። ቁልቁለቱን ወርደን ደብረ ሲና ስንደርስ እንደ ፈረስ ትነቃለች። ለካ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ በዝቶባት ኖሯል። አሜሪካኖቹም ኮሎራዶ ውስጥ፣ ሞሪሰን በሚባል ቦታ፣ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባንዲሜር የሚባል የሽቅድምድም ሜዳ ነበራቸው፤ በ2023 በአውሮፓ አቆጣጠር ተዘጋ። ከቆላ የሚመጡ ሾፌሮች እዚያ ሲደርሱ ካርቡራቶራቸውን እንደገና ሳያስተካክሉ አይሆንላቸውም ነበር።

ሜሪላንድ ግን ከፍታው አይለዋወጥም፤ የሚለዋወጠው ሰዓቱ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 34 ዲግሪ የነበረው አየር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 24 ይሆናል። አየሩ ሲቀዘቅዝ መኪናዋ ትበረታለች። በቀን የጻፋትን ቁጥር ማታ ሳያርም ቢነዳ ከቃሉ በላይ ፈጥኖ ይሸነፋል ማለት ነው። ስለዚህ የደብተራችን ዋና ጥቅም ይኸው ሆነ፤ "እንዲህ ባለ አየር ባለፈው ስንት አመጣን?" ብሎ መጠየቅ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የእውነተኛው ውድድር ቀን መጣ። የመጀመሪያውን ዙር 13.43 ጽፎ በ13.44 ገባ፤ አሸነፈ። በሁለተኛው ባላጋራው ከጻፈው ቁጥር በታች ገብቶ ራሱን ጣለ። ለሦስተኛው ፀሐይ ጠልቃለች። ደብተሩን ገለጥን፣ ቁጥሩን ወደ 13.37 አወረደው። መኪናዋ ቃሏን ጠበቀች፤ በ13.37 ገባች። ልጁ ግን ሦስተኛው ቢጫ መብራት ሳይበራ ተነሥቷል፤ ቀይ በራበት። በሰከንድ ሺኛ የሚቆጠር ጥድፊያ ነው። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ደብተሩ ላይ "መኪናዋ ጤነኛ፣ ሾፌሩ ቸኩሏል" ብዬ ጻፍኩና አሳየሁት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ሳቀ።

እኩለ ሌሊት ቤት ስንደርስ ልጄ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አልተኛችም። ደብተሩን ፊቷ አስቀመጥኩላት። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች፤ የእኔን መስመሮች፣ የልጇን ቁጥሮች። ልጇ በልጅነቱ አማርኛ እንዲጽፍ ስንት ለፍታለች፤ አሁን "ርጥበት" እና "ግፊት" በአማርኛ ተጽፈው አየች፤ እሱ የጻፋቸው ነበሩ። ብዙ አልተናገረችም። እኔም ፍርዴን ሰጠሁ። መኪናዋ አትሸጥም። ነገር ግን አንዲት ጊዜ በሕዝብ መንገድ ላይ ሽቅድምድም ብትነዳ፣ ፖሊስ ይያዘው አይያዘው፣ ቁልፉ በዚያው ቀን ለእናቱ ይሰጣል። ልጁ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ፈረመ። ልጄ "እኔ ግን ሄጄ አላየውም" አለች። እስከ ዛሬም አልሄደችም። አልፈረድኩባትም፤ ያንን ጫማ ያየሁት እኔ ብሆንም እናቱ እሷ ናት።

ወደ አገሬ ስመለስ ደብተሩን በሙሉ ገልብጬ መጣሁ። አሁን አንዳንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ይጮሃል፤ እዚያ ገና አመሻሽ ነው። ባለፈው ሳምንት "እማማ፣ ሙቀቱ 27፣ ርጥበቱ 64፣ ነፋስ የለም" አለኝ። መነጽሬን ፈልጌ ገለጥኩ። ገጽ 11፣ ሦስተኛው መስመር፤ 13.41 አልኩት። ሲጽፍ ሰማሁት። "እናትህስ?" አልኩት።

"ቤት ናት። ስደርስ ጽፌላታለሁ፣ ስጨርስም እጽፍላታለሁ" አለኝ፤ ተራው ደርሶ ነበርና ስልኩን ዘጋው።